ክሮም ከ109 አላልፍም ሲል፦ ብሮውዘሩን፣ ዊንዶውሱን ወይስ ኮምፒዩተሩን ልቀይር?

ጥያቄ፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ዴስክቶፑ ኮር 2 ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢት ነው። ላፕቶፑ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ዴስክቶፑ ላይ ክሮም ከ109 አላልፍም ብሏል። ደንበኛ ፎርም ሊያስሞላ ሲመጣ አንዳንዱ ገጽ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱ ይከፈትና መላኪያው ቁልፍ አይሠራም፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ የከፈትኩት ገጽ ሁሉ ‹ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም› ይላል። አንዱ ባለሙያ ዊንዶውስ 10 ልጫንልህ ይለኛል፣ ሌላው አዲስ ክሮም ብቻ አውርድ ይላል፣ ሦስተኛው ኔትወርክ ነው ይላል። ላፕቶፑስ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል? የድሮ የአማርኛ ጽሑፎቼና ኤችፒ ሌዘርጄት 1010 ፕሪንተሬ እንዳይበላሹብኝም እሰጋለሁ።»

ምላሽ፦ ሦስቱ ባለሙያዎች ያልተስማሙት እያንዳንዳቸው የተለያየ ችግር ስላዩ ነው። ነጭ ሆኖ የሚቀረው ገጽና የማይሠራው ቁልፍ የብሮውዘር እርጅና ነው። ክሮም ከ109 አላልፍም ያለው ዊንዶውስ 7 ስለያዘው ነው። ገጽ ሁሉ ባንድ ጊዜ «አስተማማኝ አይደለም» የሚልበት ጠዋት ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝም፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የኮምፒዩተሩ ቀንና ዓመት ነው። ኔትወርክ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ባለሙያ አያስፈልግም። ያው ገጽ በዚያው ዋይፋይ ስልክዎ ላይ ከተከፈተ ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ቁጥሮቹን እናጥራ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዊንዶውስ ቁጥርና የክሮም ቁጥር የሚነጻጸሩ አይደሉም። ዊንዶውስ 7 በ2009፣ ዊንዶውስ 10 በ2015፣ ዊንዶውስ 11 በ2021 ወጡ፤ በመካከላቸው ዓመታት አሉ። ክሮም ግን ከ2021 ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ቁጥር ሲያወጣ ቆይቷል፤ ከዚያ በፊት በየስድስት ሳምንቱ ነበር። ስለዚህ 109 ትልቅ ቁጥር ቢመስልም የጃንዋሪ 2023 ሥራ ነው። ክሮም 115 እና ፋየርፎክስ የተባለው ሌላ ብሮውዘር 115ም ቁጥራቸው ከመግጠሙ በቀር ዝምድና የላቸውም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሥሪት ዛሬም የደኅንነት ማሻሻያ እየተለቀቀለት ነው ወይስ ቆሟል? የቆመ ሥሪት ትናንት የሠራውን ያህል ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን ከቆመበት ቀን በኋላ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ዊንዶውስ 7 ለተራው ተጠቃሚ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ቆመ። ለድርጅቶች በክፍያ የሚሰጠው ተጨማሪ ጊዜም ጃንዋሪ 10 ቀን 2023 አበቃ፤ ዊንዶውስ 8.1 የቆመው በዚያው ዕለት ነው። ጉግል ክሮምን በእነዚህ ዊንዶውሶች ላይ 109 ላይ ያቆመው ይህንን ተከትሎ ነው፤ የማይክሮሶፍት ኤጅም እዚያው 109 ላይ ቀረ። ለኤክስፒና ለቪስታ የመጨረሻው ክሮም 49 ነበር። ስለዚህ «አዲስ ክሮም ብቻ አውርድ» የሚለው ምክር ዊንዶውስ 7 ላይ ትርጉም የለውም። አዲሱ ክሮም የሚጠራቸው አንዳንድ የዊንዶውስ ተግባራት ዊንዶውስ 7 ውስጥ ጭራሽ የሉም። በግድ ቢጭኑት «ከርነል 32 ውስጥ የመግቢያ ነጥብ አልተገኘም» የሚል የስህተት ሳጥን ያወጣል እንጂ አይነሣም። «ለዊንዶውስ 7 የተዘጋጀ የመጨረሻው ክሮም» እያለ የሚያስወርድ ገጽ ካጋጠመዎ አይንኩት፤ ከጉግል የመጣ አይደለም፣ የደንበኛዎን የይለፍ ቃል የሚሰበስብም ሊሆን ይችላል።

ገጹ ለምን ነጭ ይሆናል? የዛሬ ድረ ገጽ አብዛኛው የሚሠራው ጃቫስክሪፕት በሚባለው ኮድ ነው። ቋንቋው በየዓመቱ አዲስ አጻጻፍና አዲስ ተግባር ይጨመርበታል፤ ብሮውዘሩ የማያውቀው አጻጻፍ አንድ ቦታ ላይ ካጋጠመው ያን መስመር ዘሎ አይቀጥልም፣ ፋይሉን በሙሉ ይተወዋል። ገጹን የሚሠራው ያ ፋይል ከሆነ ነጭ ይቀራል። አጻጻፉ የታወቀ ሆኖ የተጠራው ተግባር ብቻ ከጠፋ ደግሞ ገጹ ይታያል፣ ያ ተግባር የሚያስፈልገው ቁልፍ ግን ቢጫኑት አይንቀሳቀስም። እርስዎ ያዩት ሁለቱንም ነው። ይህን በዓይንዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ የተበላሸው ገጽ ላይ ሆነው ኤፍ12 ይጫኑና ኮንሶል የሚለውን ይክፈቱ። በቀይ የተጻፈ መስመር ውስጥ «ሲንታክስ ኤረር» ወይም «ኢዝ ኖት ኤ ፈንክሽን» የሚል ካገኙና ያው ገጽ ላፕቶፑ ላይ በደንብ ከሠራ፣ ብሮውዘሩ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። መሸጎጫውን ማጽዳት፣ ክሮምን አጥፍቶ መጫን፣ ራውተሩን ነቅሎ መሰካት አይፈውሰውም።

አሁን ወደ ጠዋቱ ችግር። ድረ ገጽ ሁሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የደኅንነት ምስክር ወረቀት አለው። የእነዚህ ዕድሜ አጭር ነው፤ የብዙዎቹ 90 ቀን ብቻ ነው። ብሮውዘሩ የሚያነጻጽረው ከኮምፒዩተሩ ቀን ጋር ነው። የዴስክቶፑ ቀን ወደ ኋላ ከሄደ ምስክር ወረቀቱ ሁሉ «ገና አልተጀመረም» ይባላል፣ ገጽም አይከፈትም። ቀኑን ወደ ኋላ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ማለቋ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ወይም ማከፋፈያውን ሲያጠፉ ሰዓቱን የሚይዝ ነገር ስለማይኖር፣ ጠዋት ሲበራ ኮምፒዩተሩ ከዓመታት በፊት ያለ ጃንዋሪ 1 ላይ ቆሞ ይገኛል። «አንዳንድ ጠዋት» ያሉት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛው ምክንያት የኛው አገር ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሲያስተካክል 2026 ማለት ሲገባው 2018 ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላው፤ ኮምፒዩተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 9፡00 ማለት ሲገባው 3፡00 ብሎ መሙላትም አለ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ምስክር ወረቀትን የሚያበላሽበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን የፋይሎችዎንና የኢሜይሎችዎን ሰዓት ያምታታል። የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አያገኟትም። የሚመረጠው «ዩቲሲ +03፡00 ናይሮቢ» የሚለው ነው። ቀኑም ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሞላ።

ባትሪዋ ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አያጣትም። ከመንቀልዎ በፊት ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) ይክፈቱ (ሲበራ ዴል፣ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 እየደጋገሙ በመጫን) እና ገጾቹን በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ በተለይ ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበትን መንገድ የሚወስነው «ሳታ ሞድ» አይዲኢ ይሁን ኤኤችሲአይ ልብ ይበሉ። ባትሪ ሲነቀል ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል፤ ይህ አንድ ነገር ከተቀየረ ዊንዶውስ 7 ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ እንደገና መነሣት እንጂ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሃርድ ዲስኩ ሞተ» ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። ሳታ ሞዱን ወደነበረበት መመለስ ብቻ ይበቃ ነበር። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ ማብሪያውን ጥቂት ሴኮንድ ተጭነው፣ ባትሪዋን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ፣ ቀኑን ባዮሱ ውስጥ ያስተካክሉ።

ቀኑ ልክ ሆኖ ሳለ የተወሰኑ ገጾች ብቻ «አስተማማኝ አይደለም» ካሉ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያምናቸው የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ዝርዝር አለው፣ እሱም ያረጃል። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ብዙ ድረ ገጾች ሲደገፉበት የነበረ አንድ ሥር ምስክር ወረቀት ጊዜው አልቆ፣ አፕዴት ተደርገው የማያውቁ ኮምፒዩተሮች ችግር ገጥሟቸው ነበር። ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ የዊንዶውሱ ማርጀት በዚህ በኩል አያገኘውም። ከዚያ የባሰው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው። ጁን 15 ቀን 2022 ተሰናብቷል፤ ዴስክቶፑ ላይ አቋራጩ ካለ ያንሡት።

እስካሁን ያልነው ስለ መሥራትና አለመሥራት ነው። የእርስዎ ሥራ ግን ከዚህ የከበደ ነገር አለበት፤ ሰው መታወቂያውን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የኢሜይል ይለፍ ቃሉን እርስዎ ኮምፒዩተር ላይ ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽም ይሰካበታል። በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ያጠቃቸው ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበሩ ናቸው፤ መከላከያው ማሻሻያ ግን በማርች ወጥቶ ነበር፣ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ለዊንዶውስ 7 ዛሬ የሚጫን ማሻሻያ የለም። አንቲቫይረስ ይረዳል፣ ነገር ግን የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንም። ስለዚህ ያለ ማመንታት፦ ዴስክቶፑ ላይ የደንበኛ አካውንት ከዛሬ ጀምሮ አይከፈት።

«ታዲያ ዊንዶውስ 10 ይጫንበት» ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። አንደኛ፣ ዊንዶውስ 10 ራሱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቆሟል፤ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማለት ነው። የቆመውን አንሥቶ ሌላ የቆመ ለመጫን ገንዘብ መክፈል ነው። ሁለተኛ፣ በወረቀት ላይ ለ32 ቢቱ 1 ጊጋ፣ ለ64 ቢቱ 2 ጊጋ ራም ይበቃል ቢባልም፣ በ2 ጊጋ ክሮምን ከሁለት ገጽ በላይ ከፍተው ወርድ ቢያስነሡ ሃርድ ዲስኩ 100% ላይ ይሰቀላል፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ በፍላሽ የሚዞረው «ዊንዶውስ 10» የቱ ነው? ዊንዶውስ 10 አንድ ነገር አይደለም። ከ1507 ጀምሮ እስከ 22ኤች2 ብዙ ሥሪቶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ፣ ኤች2 የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ባለሙያው ከ2016 ጀምሮ ኪሱ ውስጥ የያዘው ሥሪት 1607 ከሆነ፣ የሚጫንልዎ ዓመታት የቆየ ነገር ነው። ከክራክ ጋር የሚጫነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲፌንደርን (የዊንዶውሱን የራሱን አንቲቫይረስ) እና አፕዴትን አጥፍቶ ነው የሚያስረክበው፤ «አፕዴት ዳታ ይበላል፣ ዘጋሁልህ» ይባላል፣ እንደ ውለታም ይታያል። የዊንዶውስ 7 ቁልፍ አስገብቶ አዲሱን ማስነሣት የሚቻልበትን መንገድም ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 ዘግቶታል።

ዴስክቶፑ ሁለት ዕጣ አለው። ፒችትሪም ሆነ ሌላ የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራበት ከሆነ፣ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለው ዋይፋዩንም አጥፍተው ባለበት ይተዉት፤ ከኢንተርኔት የተለየ ዊንዶውስ 7 ለጽሕፈትና ለሂሳብ ዓመታት ያገለግላል። ፍላሽ ሲሰኩበት ግን መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ያስቃኙት። የሂሳብ ሥራ ከሌለበት በዊንዶውሱ ቦታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ሌላ ሥርዓት ይጫንበት። ኮር 2 ዱዎ 64 ቢት ይቀበላል፤ 32 ቢት የሆነው የተጫነው ዊንዶውስ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል፣ ዋጋም የለውም፣ የሚመጣውም ከማይቆም ፋየርፎክስ ጋር ነው። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ይምረጡ። 2 ጊጋ ራም ዝቅተኛው ነው፤ 4 ያድርጉት። ራም ከመግዛትዎ በፊት ያለውን ነቅለው ስሙን ያንብቡ፦ ዲዲአር2 ከሆነ ዛሬ ማግኘቱ ራሱ ድካም ስለሆነ ይተዉት፣ ዲዲአር3 ከሆነ ያገለገለ ይገኛል። ሁለቱ ቅርጻቸው ስለማይገጥም አንዱ የሌላው ቦታ ውስጥ አይገባም፣ በግድ አይግፉት። ለአማርኛ «አይባስ» እና «ኤም17ኤን» የሚባሉት የኪቦርድ ፕሮግራሞች አብረው ተጭነው፣ በድምፅ የሚጻፈው የአማርኛ ኪቦርድ ይገኝበታል።

ሰው ሊኑክስን የሚፈራው ወርድ የለውም ብሎ ነው። ፍርሃቱ በከፊል ልክ ነው። ሊብረ ኦፊስ የወርድን ፋይል ይከፍታል፣ ነገር ግን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ሲመጣ ማውጫውና የገጽ ቁጥሩ ቦታው ሊናጋ ይችላል። የእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቦታ ላፕቶፑ ነው፤ ሚንቱ ፎርም ለመሙላት፣ ለኢሜይልና ለፒዲኤፍ ይሁን።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ ላሉት «ኮር አይ5» የሚለው ተለጣፊ መልስ አይሰጥም። መልሱ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ላይ ነው። ዲስ ፒሲ የሚለውን በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ ሲሉ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይመጣል። አይ5-6200ዩ ከሆነ 6ኛ ትውልድ፣ አይ5-7200ዩ ከሆነ 7ኛ፣ አይ5-8250ዩ ከሆነ 8ኛ ነው፤ አይ5-10210ዩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ተወስደው 10ኛ ይባላል። ለዊንዶውስ 11 የኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፍ የሚያስቀምጥ ክፍል)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ነገር ሲነሣ የሚያግድ የባዮስ ቅንብር)፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ያስፈልጋል። ቲፒኤሙን ለማየት የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ተጭነው፣ በላቲን ፊደል ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ ብለው ይጻፉ፤ የሚከፈተው መስኮት ሥሪቱን ይነግርዎታል። 8ኛ ትውልድ ሆኖ ቲፒኤም «አልተገኘም» ካለ ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነው፤ «ፒቲቲ» የሚለውን መክፈት ይበቃል።

6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ከሆነ መስፈርቱን አልፎ ዊንዶውስ 11ን የሚጭን ዘዴ አለ፤ ይሠራልም። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ማሻሻያ ለመስጠት አይገደድም፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ትልቅ አፕዴት እንደገና በእጅ መጫን ሊፈልግ ይችላል። ለእንጀራ የሚሠራ ማሽን ላይ ይህን አልመክርም። የተሻለው ዊንዶውስ 10ን ማስረዘም ነው። መጀመሪያ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭነው «ዊንቨር» ብለው በላቲን ይጻፉ፤ 22ኤች2፣ ቁጥሩም 19045 ካላለ ያን ያዘምኑ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ አፕዴት ገጽ ላይ ለተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገቢያ ይወጣል። የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ ሴቲንጉን ከአካውንቱ ጋር ለማመሳሰል ከተስማሙ ክፍያ የለውም፣ ካልተስማሙ 30 ዶላር ነው። ለግል ተጠቃሚ የተዘጋጀ በመሆኑ ከመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ጋር የተሳሰረ ኮምፒዩተር አይቀበልም። የሚያስረዝመውም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 2019።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ክሮም ዊንዶውስ 10ን አልተወውም፤ ኤጅ ደግሞ 22ኤች2 ላይ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚዘምን ተነግሯል። ስለዚህ ዊንዶውሱ ከቆመ በኋላም ብሮውዘሩ «ወቅታዊ ነዎት» እያለ ይቀጥላል፣ ገጾችም ያለ ችግር ይከፈታሉ። ያ ማለት ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በብሮውዘር በኩል የሚገባው ይዘጋል፤ በፍላሽ፣ በዋይፋይና በፋይል የሚገባው የሚዘጋው በዊንዶውሱ ማሻሻያ ብቻ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ድረ ገጽ ዊንዶውስ 11 ላይ ሆነው ሳለ «ዊንዶውስ 10 እየተጠቀሙ ነው» ይላል። ዊንዶውስ 11 ለድረ ገጾች ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚያው በ10 ቁጥር ስለሆነ ነው፤ አያስደንግጥዎ።

ላፕቶፑ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ከምንም በፊት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ያስገቡለት። ተግባር ማኔጀር ውስጥ ዲስክ የሚለው ዓምድ ስራ ፈትቶ እንኳ 90ና 100% ካለ፣ ሰው «ዊንዶውስ 10 ከበደው» የሚለው እሱ ነው። ባለ 240 ወይም 256 ጊጋ፣ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በቂ ነው፤ ከ8 ጊጋው ራም ጋር ልዩነቱን በመጀመሪያው ማብራት ያዩታል። ላፕቶፑ ኮምቦልቻ ሲሠራ የቆየ ከሆነ ሽፋኑ ከተከፈተ አይቀር ማራገቢያውንም ያስጠርጉ፤ እዚያ ሙቀቱም አቧራውም ከደሴ ይብሳል፣ የታፈነ ፕሮሰሰር ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል ጥቂት ጊጋዎች ስለሚሆን በሞባይል ጥቅል አያውርዱት፤ የራስዎን ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይዘው በዋይፋይ ከማይክሮሶፍት ገጽ በሚገኘው መሣሪያ ያዘጋጁት። ባዮስ የሚሻሻል ከሆነ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ብቻ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፎችዎን በተመለከተ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በድሮ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዩኒኮድ (ፊደሎችን ሁሉ የሚለይ ዓለም አቀፍ ደንብ) የሆነና ያልሆነ። ያልሆነው ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። የሚለዩት እንዲህ ነው፦ ፋይሉን ይክፈቱ፣ አንድ መስመር ይምረጡ፣ ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይሩ። አማርኛው ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ይከፈታል። ወደ ላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ከተበተነ ያለ ፎንቱ ዋጋ የለውም። ወዲያው የቀየሩትን በ«አንዱ» (Undo) ትእዛዝ መልሰው፣ ሳያስቀምጡ ይውጡ፤ ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ገብተው የግዕዝ ፎንቶቹን ሁሉ ከጽሑፎቹ ጋር ወደ ፍላሽ ይቅዱ። ይህ ከፎርማት በፊት የሚደረግ ነው፤ ከፎርማት በኋላ ፎንቱን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በጣም የሚፈለጉትን ጽሑፎች ደግሞ ዊንዶውስ 7 ላይ እንዳሉ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሯቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ራሱን ካላገኙ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንት የሚለውን ይጨምሩ፤ ከቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረው እዚያ ተዛውሯል።

ሌዘርጄት 1010 ከባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ጋር በቀጥታ አይግባባም፤ የራሱ ድራይቨር አልተሠራለትም። ዘዴው በዘመድ ድራይቨር ማሠራት ነው። ፕሪንተሩን በዩኤስቢ ይሰኩ፣ አድ ፕሪንተር ላይ «የምፈልገው ዝርዝሩ ውስጥ የለም» የሚለውን፣ ቀጥሎ በእጅ የሚጨመር ሎካል ፕሪንተር የሚለውን ይምረጡ። ፖርት ሲጠይቅ ዶት4_001፣ እሱ ከሌለ ዩኤስቢ001 ይበሉት። የድራይቨር ዝርዝሩ ላይ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ተጭነው ደቂቃዎች ይታገሡ፤ ከዚያ ኤችፒ የሚለው ሥር ሌዘርጄት 3055 ፒሲኤል5 የሚለውን ይውሰዱ። ወረቀቱ ባዶ ከወጣ ወይም ምልክት ከረጨ የተሳሳተው ፖርቱ ነው፣ እሱን ብቻ ይቀይሩ። ሊኑክስ ላይ ኤችፒሊፕ የሚባለው ድራይቨር 1010ን በስሙ ያውቀዋል።

የሥራ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ዛሬ የዴስክቶፑን ቀን ያስተካክሉ፣ የደንበኛ ሥራ ወደ ላፕቶፑ ይሂድ። በዚህ ሳምንት ባትሪዋን ይቀይሩ፣ ጽሑፍና ፎንት ይቅዱ፣ ላፕቶፑን ለተራዘመው ማሻሻያ ያስመዝግቡ። ለጥቂት ቀን ዴስክቶፑ ላይ ገጽ መክፈት ግድ ከሆነ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር (ረዘም ላለ ጊዜ ማሻሻያ የሚሰጠው ዓይነት) ከክሮም 109 ይሻላል፤ ሞዚላ የማብቂያ ቀኑን ደጋግሞ እየገፋለት ለዊንዶውስ 7 የቆየ ሥሪት ነው፣ ግን ገጽ ለማንበብ እንጂ የይለፍ ቃል ለማስገባት አይሁን። የራም ወይም የኤስኤስዲ ገንዘብ አንዱን ብቻ የሚችሉ ከሆነ ኤስኤስዲው ላፕቶፑ ላይ ይቅደም።

ላፕቶፑ 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ከሆነ ደግሞ እስከ ጥቅምት 2019 ድረስ ገንዘብ እያጠራቀሙ ይቆዩ። ያገለገለ ሲገዙ ሻጩ «አይ7 ነው» ቢልዎ አይጓጉ፤ 4ኛ ትውልድ አይ7 ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም፣ 8ኛ ትውልድ አይ3 ይቀበላል። ሱቁ ውስጥ ሳይከፍሉ አስነሥተው የፕሮሰሰሩን ስም፣ ዊንቨርንና ቲፒኤሙን ይዩ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለው አሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ያጫውቱበት።